ብረት ያለበት ይውጣ

ጤዛው ሳይረግፍ ገና፣ ከፕሪሙ ዛፍ ሥር ሰልፍ ይዘን፣
«ብረት ያለበት ይውጣ!» አለች ስማራንዳ፣ በዓይኗ አንድ በአንድ መዝናን።
ቀበቶ ወለቀ፣ ሰዓት ወለቀ፣ ሳንቲም ከየኪሱ ረገፈ፤
የራሬሽ የአንገት መስቀል ሳይቀር ባርኔጣ ውስጥ አረፈ።
ሱሪውን በሲባጎ ታጥቆ
ተመለሰ ወደ ሰልፉ፣ ከራሱ ጋር ስቆ።
«ይኼ ዘንግ የሚያደምጠው የመሬት ሹክሹክታ ነው፤
ኪስ ውስጥ የተረሳ ቁልፍ ለሱ የደብር ደወል ነው።»
አካፋ አልያዝንም፤ ዶማም የለም።
«የተቆፈረ አፈር አንዴ ይናገራል» አለች፣ «ከዚያ ወዲያ ዝም።»

የኔ ግን አይወልቅም።
ከጉልበቴ በታች ስድስት ብሎን አለ፣ አንድ ሰሌዳ፤
በያሽ ከተማ፣ በበረዶ ቀን፣ ትራም የጣለብኝ ዕዳ።
ዘንጉን ይዤ አሥር እርምጃ ስሄድ ቁጥሩ አበደ፤
ወደ ላይ ዘለለ፣ ወደ ታች ወረደ።
ስማራንዳ መጣች፤ ማያውን አየችና ትንሽ ዝም አለች።
«ኢሊንካ፣ መሬቱን ትቶ አንቺን እያነበበ ነው» አለች።

ገመድ ሰጡኝ።
ሃያ በሃያ ሜትር፣ የእንጨት ችካል፣ ቀይ ምልክት፤
ራሬሽ ሲደርስ ማንሳት፣ ግማሽ ሜትር ማራቅ፣ ደግሞ መዘርጋት።
ቲክ ሲል አንድ እርምጃ፣ ቲክ ሲል አንድ እርምጃ፤
እሱ ቀጥ ብሎ እንደ ሻማ፣ እኔ ከገመዱ ጋር፣ እንደታሰረ ጥጃ።
ለኔ የደረሰኝ ገለባው ውስጥ የተበተነ የሸክላ ስባሪ ነው፤
አንስቼ አየዋለሁ፣ እጽፈዋለሁ፣
በተኛበት ጎኑ መልሼ አስተኛዋለሁ።

የማሳው ባለቤት፣ ሽማግሌው ጋቭሪል፣ አጥሩን ተደግፎ ያየናል፤
ሰማንያ ዓመት አልፎታል፤ በድዱ የሱፍ ፍሬ ይሰነጥቃል።
«እዚያ ጋ» አለኝ በአገጩ ጠቁሞ፣ «የማረሻው ድምፅ ይለወጣል፤
እስከዚያ ሹ… ሹ… ይላል፣ ከዚያ ወዲያ ያንኳኳል።
የታች ሰዎች ናቸው። እንዳልቀሰቅሳቸው ጠልቄ አላርስም ነበር።»
ጻፍኩት።
ያለ መሣሪያ የተካሄደ፣ የስልሳ ዓመት ምርምር።

ማታ፣ ኩሽናው ውስጥ፣ ከቲማቲሙ ሳህን ጎን፣
ኮምፒውተሩ ማሳውን አወጣው፤ ግራጫ፣ እንደ ዝናብ ቀን።
ከግራጫው ውስጥ ጥቋቁር ቤቶች ክብ ሠርተው ቆሙ፤
እሳት የበላቸው፣ ስማቸውን የተቀሙ።
«ጭቃ ነድዶ ሲበርድ» አለች ስማራንዳ፣ «ሰሜንን ይይዛል፤
የዚያን ቀን ሰሜን። የኛ ሰሜን ዛሬ ሌላ ሆኗል፤
እሱ ግን አሁንም ወደዚያው ያያል።»

ጥግ ላይ አንድ ነጥብ ነበር፤ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ፣
ብቻውን የሚያፈጥ ዓይን፣ ከቤቶቹ ክብ ውጭ።
«ብረት ነው፤ የቅርብ ጊዜ ቆሻሻ» አለ ራሬሽ፣ ሊሰርዘው።
ሽማግሌው መነጽሩን ፈለገ። ጎንበስ ብሎ አየው።
«ማረሻ ነው። የአባቴ። የጋራ እርሻው ሰዎች የመጡ ለታ
እሱ ቀበረ፤ እኔ ፋኖስ ያዝኩ፤ የስምንት ዓመት ልጅ፣ በዚያ ማታ።
‹ለሰው እንዳትናገር› አለኝ። አልተናገርኩም፤ ለሚስቴም።
በኋላ ቦታው ራሱ ጠፋኝ፤ ፈልጌ አላገኘሁትም።»
ሰባ ዓመት አፈር የለበሰ ቃል፣ በአንድ ረፋድ።
«እናውጣው?» አለ ራሬሽ።
«ምን ሊሠራ? የት እንዳለ አሳዩኝና ተዉት።»

በነጋታው ሜትሩን ዘረጋሁለት፤
ከፕሪሙ ሰባት፣ ወደ መንገዱ አራት ተኩል።
ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ፤ እግሩን ቀስ አድርጎ አሳረፈ፣
ሕፃን እንደተኛበት ክፍል።
ከማሳው ጫፍ ስማራንዳ ትጮኻለች፦
«ብረት ያለበት ከመስመሩ ይውጣ!»
እሱ በቀበቶው ዘለበት፣ እኔ በብሎኖቼ፣
ከሥራችን ማረሻው፤
ተያየን።
ራሬሽ ዘንጉን ይዞ እየጠበቀ፣
ሽመላ በላያችን እያለፈች፣
ትንሽ ቆየን።